«አረንጓዴ፣ ባለ ጨው»፦ ፋርስኛ ስሜቶችን እንዴት ያደባልቃል?

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ የውበት ሳሎን እሠራለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ኢራናውያን ናቸው። በቀደም አንዷ ወደ እኔ እየጠቆመች ለጓደኛዋ «ሰብዜዬ ባነመክ» አለቻት። ትርጉሙን ስጠይቅ «አረንጓዴ፣ ባለ ጨው» ነው አሉኝና ሳቁ። ተሰድቤ ይሆን? ደግሞ ነገራቸው ሁሉ እንደዚህ ነው። ድምፅ ይሞቃል፣ ዓይን ጨው ይበዛበታል፣ ጩኸት ቀለም አለው። ፋርስኛ ሁሉን እንዲህ የሚያደባልቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሰደብሽም። ተሞግሰሻል፤ ያውም ከልብ።

«ሰብዝ» አረንጓዴ ነው፣ እውነታቸውን ነው። «ሰብዜ» ግን ለሰው መልክ ሲነገር ጠይም ማለት ነው። እኛም «ቀይ ልጅ» ስንል የበርበሬ ቀለም ያለው ሰው በዓይናችን አይመጣም። «ባነመክ» ደግሞ ቃል በቃል «ጨው ያላት» ነው፤ ለዛ ያላት፣ የምትስብ፣ ታይታ የማትጠገብ። ሐረጉን ወደ አማርኛ ልመልሰው ካልኩ «ጠይም፣ ደም ግባት ያላት» እላለሁ። እኛ ውበትን ለደም ሰጠነው፣ እነሱ ለጨው።

እንዲህ ሲሉሽ ዝም አትበይ። «ቼሽማቱን ቀሸንግ ሚቢኔ» በያቸው። «ዓይናችሁ ነው አሳምሮ የሚያየኝ» እንደማለት ነው። ሙገሳን በትሕትና የመቀበያ የተለመደ መንገድ ነው። (የፋርስኛው አጭር «አ» ከእኛ ግዕዝ ፊደል፣ ከ«ነ» እና ከ«መ» ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል። እዚህ እንደጻፍኩት ብታነቢው ይገባቸዋል።)

አሁን ወደ ጨው እንግባ። ፋርስኛ ውስጥ ጨው ከድስት ይልቅ ሰው ላይ ነው ሥራው የሚበዛው። ገና የሚንተባተብ ሕፃን ባነመክ ነው። ጨዋታ አዋቂ ሰው ባነመክ ነው። ሊያስቅ ፈልጎ የማይሳካለት «ቢነመክ» ነው፤ ጨው የለሽ። ሰው ፊት የሚሞላቀቅና ቀልድ የሚያበዛውን ደግሞ «ነመክ ነሪዝ» ይሉታል። «ጨው አታፍስስ» ማለት ነው።

ጨው ከማዕድም ይነሣል። አብረው የበሉ ሰዎች «ናን ኦ ነመክ»፣ እንጀራና ጨው፣ ተካፍለዋልና አንዱ በሌላው ላይ ክፉ ማድረግ ነውር ነው። ውለታ ቢስ ሰው «ነመክ ነሽናስ» ይባላል፤ ጨውን የማያውቅ። በልቶ የካደውን «ጨው በላ፣ የጨው ዕቃውን ሰበረ» ይሉታል። እኛ «ወጪት ሰባሪ» የምንለው ሰውዬ ነው፤ አገሩን ቀይሮ ብቻ ነው የመጣው።

ጨው ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ነመክ» በልኩ የተጨመረው ጨው ነው፤ ስለዚህ ሙገሳ ነው። «ሹር» ከልክ ያለፈው ነው፤ ስለዚህ ወቀሳ ነው። ቀልዱን ወይም ጭቅጭቁን አላቆም ላለ ሰው «ሹሬሾ ደራቮርዲ» ይሉታል። «ጨዋማነቱን አወጣኸው» ነው፣ «አበዛኸው፣ ተው» ለማለት። የሰማሽው «ጨው የበዛበት ዓይን»ም ከዚሁ ወገን ነው። «ቼሽሜ ሹር» ያለው ሰው ያደነቀው ነገር ሁሉ ይበላሻል፤ እኛ የሰው ዓይን፣ ቡዳ የምንለው ነው። የተጎዳው ሰው ደግሞ «ቼሽም ኾርድ» ይባላል፤ «ዓይን በላ» ማለት ነው። እኛ ዓይን ሰውን በላው ስንል እነሱ ሰው ዓይንን በላ ይላሉ። መከላከያው ኤስፈንድ የሚባል ዘር ከሰል ላይ ጣል አድርጎ ማጨስ ነው። ፍሬው እየተንጣጣ ሲጨስ በሰውዬው ራስ ዙሪያ ያዞሩታል። ሳሎናችሁ ውስጥ አንድ ቀን ሳታዪው አትቀሪም።

ሌሎቹ ጣዕሞችም ሥራ አላቸው። «መዜ» ጣዕም ነው፤ «ባመዜ» የሚያስቅ፣ «ቢመዜ» የማያስቅ። የአንድን ሰው ሐሳብ ዘወር ብሎ ማጣራት «የአፉን ጣዕም ማወቅ» ነው። «ተልኽ» መራራ ነው። ኩርፊያና ጭቅጭቅ «ኦውቃት ተልኺ» ይባላል፤ የጊዜ ምሬት። ሰው የማይለምደው፣ ሲቀርቡት የሚጎፈንን ሰው «ጉሽት ተልኽ» ነው፤ ሥጋው መራራ። ፊቱን ያኮሳተረ «ቶርሽ ሩ» ነው፤ ፊተ ጎምዛዛ። ቀጣፊ አሞጋሽ «ቸርብ ዘባን» ነው፤ ምላሱ ቅባት የጠጣ። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፣ «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» ብለን ጨርሰነዋል። የምወደው ግን «ፎህሼ አብዳር» ነው፤ ውኃ የቋጠረ፣ ጭማቂ ያለው ስድብ። ልክ የገባ ጥፊም «አብዳር» ይባላል።

እንግዲህ ለምን? የሚለው ጥያቄሽ ጋ ደርሰናል።

ብዙ ሰው «ፋርስኛ የቅኔ ቋንቋ ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ ይህ መልስ ሰነፍ መልስ ይመስለኛል። ደንበኛሽ ቅኔ አልተቀኘችም፤ ቡና እየጠጣች ስለ መልክሽ አወራች። ስሜትን ከስሜት ማደባለቅ (የምላስን፣ የቆዳን፣ የጆሮንና የዓይንን ነገር ማለቴ ነው) ሁሉም ቋንቋ የሚያደርገው ነው። እኛስ የዘፈንን ዜማ «ጣዕመ ዜማ» እንል የለም? «ቃና» የምግብም የድምፅም ነው። ጭብጨባ «ደማቅ» ይሆናል፤ ጭብጨባ ግን ቀለም የለውም። ከለመድነው ስለማይታየን ነው እንጂ የእኛም ድብልቅ ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ጥያቄ «የትኛው ስሜት ለየትኛው ያበድራል?» የሚለው ነው። ሐንጋሪ ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ የሠራ ስቴፈን ኡልማን የሚባል የቋንቋ ሊቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህንን ከብዙ ገጣሚዎች ሥራ ቆጥሮ ነበር። ያገኘው አቅጣጫ ግልጽ ነው። ብዙውን ጊዜ አበዳሪዎቹ ለሰውነት የሚቀርቡት ናቸው፦ መዳሰስና መቅመስ። ተበዳሪዎቹ ራቅ ብለው የሚሠሩት ናቸው፦ መስማትና ማየት። ትልቁ አበዳሪ ቆዳ ነው፤ ትልቁ ተበዳሪ ጆሮ።

ፋርስኛን በዚህ መንገድ ስታዪው ድብልቅልቁ መልክ ይይዛል። ድምፅ «ገርም» ይሆናል፣ ሞቃት። «መኽመሊ» ይሆናል፣ ከፋይ። «ኸሽዳር» ይሆናል፣ ጭረት ያለበት። ዝምታ «ሰንጊን» ነው፣ ከባድ። በደንብ የማይሰማ ጆሮም «ሰንጊን» ነው። ደስ የሚል ዜማ «ጉሽ ነቫዝ» ነው፣ ጆሮ የሚዳብስ፤ የሚያስጠላው «ጉሽ ኸራሽ»፣ ጆሮ የሚቧጭር። ለዓይን የሚያምረው «ቼሽም ነቫዝ» ነው። በነገራችን ላይ «ነቫኽተን» የሚለው ግሥ መዳበስም ነው፣ ሙዚቃ መሣሪያ መጫወትም ነው። ክራር ደርዳሪውና ልጁን የሚደባብሰው አባት አንድ ግሥ ይጋራሉ ማለት ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ ግን ብዙ አታገኚም። ምግብን በድምፅ ስም የሚጠራ ሰው እምብዛም አይሰማም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የወፍራምና የቀጭን ነገር ነው። ፋርስኛ የሕፃን ዓይነት ድምፅን «ናዞክ» ይለዋል፣ ቀጭን። የጎርናና ሰው ድምፅ «ኮሎፍት» ነው፣ ወፍራም። እኛም «ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራም ድምፅ» ነው የምንለው። እንግሊዝኛና ሆላንድኛ ግን «ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ» ይላሉ። ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ ነው ወይስ ጭንቅላት ውስጥም ገብቷል?

ይህንን የፈተነ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የሆላንድኛና የፋርስኛ ተናጋሪዎች አንድ የድምፅ ኖታ እየሰሙ መልሰው እንዲያዜሙት ይጠየቃሉ። በዚያው ጊዜ ስክሪን ላይ መስመር ያያሉ። መስመሩ አንዳንዴ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። ከድምፁ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ችላ ቢሉት ይገባ ነበር። ሆላንዶቹን የመስመሩ ከፍታ አሳሳታቸው፣ ውፍረቱ ግን ምንም አላደረጋቸውም። ፋርስኛ ተናጋሪዎቹን ውፍረቱ አሳሳታቸው፣ ከፍታው አልነካቸውም። ከዚያ ሆላንዶቹን ስለ ድምፅ በ«ወፍራምና ቀጭን» እንዲናገሩ ለአጭር ጊዜ አለማመዷቸው። ሲፈተኑ እንደ ፋርስኛ ተናጋሪዎቹ ሆኑ።

በዓመቱ ደግሞ የ4 ወር ሕፃናት ተፈተኑ። አንድም ቃል የማይናገሩ ልጆች ናቸው። ሁለቱንም ዝምድና ያውቁታል፤ ድምፅን ከከፍታ ጋርም ከውፍረት ጋርም ያያይዛሉ። ስለዚህ ቋንቋ ድብልቁን ከባዶ አይፈጥረውም። ከተወለድንበት ድብልቅ ውስጥ አንዱን መርጦ ያጠነክረዋል፤ ሌላው እየደከመ ይሄዳል። ይሄ ውጤት ለእኔ ከብዙ የ«ቅኔ ቋንቋ» ወሬ ይበልጥብኛል።

የፋርስ ሙዚቀኞች ዘንድ ሌላ ጥንታዊ ጥንድ አለ፦ «ዚር» እና «በም»። ዚር ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ በም ወፍራሙ። «ዚር» ግን «ከሥር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ነው! እንግሊዞች ከላይ ያስቀመጡትን ድምፅ ፋርሶቹ ከሥር አስቀመጡት። ዑድ የሚጫወት ሰው እጅ ላይ ብታዪ ይገባሻል። ቀጭኗ ክር ወደ መሬት ትጠጋለች፣ ወፍራሟ ወደ አገጭ ናት።

አንድ ቃል ብቻ አጥኚ ብትዪኝ «ቶንድ»ን እሰጥሻለሁ። ሚጥሚጣ ቶንድ ነው። ፈጣን መኪና ቶንድ ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ቶንድ ነው። ደማቅ ቀለም ቶንድ ነው። ቶሎ የሚቆጣ ሰው ፀባዩ ቶንድ ነው። ገደላማ መንገድም ቶንድ ነው። ስለዚህ «ቶንድ ነው» ሲሉሽ ስለ ምን እንደሚያወሩ አይተሽ ነው የምትረጂው። የጋራ ነገራቸው ኃይሉ ነው፤ በየትኛውም በር ይግባ፣ ሳይጠይቅ ይገባል።

ስለ ሽታ ባጭሩ። የድሮው ፋርስኛ ሽታን «ይሰማል» ነበር፤ መስማት በሚለው ግሥ፣ «ሼኒደን»። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ሐፌዝ ከዓለም ሁኔታ የመሻሻል ሽታ እንደሚሰማው ጽፏል። ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ «ሽታ ይሰማኛል» እንላለን። ዛሬም «ቡ ቦርደን»፣ ሽታ መውሰድ፣ ማለት ነገሩን መጠርጠር ነው። በመጋቢት ገበያው ሲደምቅ «ቡዬ ኤይድ ሚያድ» ይላሉ፤ የኖውሩዝ፣ የአዲስ ዓመታቸው፣ በዓል ሽታ መጣ።

እዚህ ላይ የሚጠቅም አንድ ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን 20 ቋንቋዎችን አነጻጽሯል። ለሰዎች ቀለም፣ ቅርጽ፣ ድምፅ፣ ጣዕም፣ ሽታ እየሰጡ «ይህ ምንድን ነው?» ይሏቸዋል። ጣዕም ላይ ፋርስኛ ተናጋሪዎች ከላይ ከተሰለፉት ነበሩ። መራራውን ሲቀምሱ «ተልኽ» አሉ፤ አንድ ቃል፣ ያለ ክርክር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን ያንኑ ነገር ቀምሰው መራራም ጨዋማም ጎምዛዛም እያሉ ተለያዩ። ጣዕም ላይ እንዲህ የሚስማማ ማኅበረሰብ ጣዕምን ለሰው ፀባይ መለኪያ ቢያደርገው አይደንቀኝም። ሰሚው ያለ ጥርጥር ይረዳዋላ። ይሄ የእኔ ግምት ነው እንጂ ጥናቱ ይህን አላለም።

አሁን ወደ ጩኸቱ ቀለም። «ጂጌ በነፍሽ»፣ ወይን ጠጅ ጩኸት። የሰማሽው እሱ መሆን አለበት። ይህ ከላይ ያልኩትን አቅጣጫ ይጥሳል፤ ከዓይን ወደ ጆሮ ነው። ደግሞም የተወለደበት ቦታ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሁሻንግ ኢራኒ የሚባል የዘመናዊ ግጥም አብዮተኛ ግጥሙ ውስጥ አስገባው። ቴህራን ውስጥ ተሳቀበት። «ጩኸት እንዴት ወይን ጠጅ ይሆናል?» እየተባለ ሐረጉ የአዲሱ ግጥም መቀለጃ ሆነ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰው ሲያላግጥበት ሲያላግጥበት አፉ ለመደው። ዛሬ በረሮ አይታ የምትጮህ ሴት «ጂጌ በነፍሽ» አወጣች ይባላል፤ ግጥሙን ያነበበ ባይኖርም። የሥነ ጽሑፍ ትምህርታቸው ውስጥ ስሜት ማደባለቅ ራሱ ስም አለው፣ «ሄስ ኣሚዚ»። ቃሉን ያስተዋወቁት ገጣሚውና ምሁሩ መሐመድ ሬዛ ሻፊዒ ካድካኒ ናቸው። ተማሪዎች ለፈተና ከግጥም ውስጥ እየለቀሙ ያወጡታል። ምሳሌውን ከእናታቸው ወጥ ቤት መልቀም ይቀላቸው ነበር።

ጩኸቱም ብድሩን መልሷል። ዓይን የሚወጋ ቀለም «ረንጌ ጂግ» ነው፣ የጩኸት ቀለም። ሥራሽ ላይ ይህ ይጠቅምሻል። ደንበኛ የጥፍር ቀለም ስትመርጥ «ጂግ ነባሼ» ካለች «የሚጮህ አይሁን» ማለቷ ነው። «ረንጌ ሻድ» ካለች ደስተኛ ቀለም፣ ማለትም ፈካ ያለ ትፈልጋለች። «ሞርዴ» ካለችው ቀለሙ ሞቷል፣ አንሺው። «ፖር ረንግ» ደመቅ ያለ፣ «ከም ረንግ» ሳሳ ያለ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለሻይም ትጠቀሚባቸዋለሽ። ሻዩን ገና ሳይቀምሱ በዓይናቸው ነው የሚመዝኑት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ ሁሉም እንግዳ ሐረግ ስሜት ማደባለቅ አይደለም። ፋርስኛ «ኾርደን»፣ መብላት፣ የሚለውን ግሥ የማያስገባበት የለም። ሐዘን ይበላል፣ መሐላ ይበላል፣ ብርድ ይበላል (ጉንፋን መያዙ ነው)፣ የወደቀ ሰው መሬት ይበላል። ይህን ሰምተው «ፋርሶች ዓለሙን በአፋቸው ነው የሚረዱት» ብለው የሚጽፉ አሉ። አትመኛቸው። ግሡ መመታትና መጋጨትም ማለት ነው፣ በብዙ ቦታም ረዳት ሆኖ ብቻ ያገለግላል። ሲናገሩት ምግብ አይታሰባቸውም።

ሙቀትና ቅዝቃዜ ግን ከልባቸው ነው። ምግብ እንኳን በእሳት ሳይሆን በባሕርይው «ገርም» ወይም «ሰርድ» ነው። ቴምር፣ ለውዝና ማር ሞቃት ናቸው፤ እርጎና ኪያር ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛውን ያበዛ ሰው «ሰርዲም ከርዴ» ብሎ ሆዱን ይይዛል። መድኃኒቱ ነባት የሚባል የስኳር ድንጋይ የሟሟበት ሻይ ነው። ከጥንቱ ሐኪም ከነ ኢብን ሲና ዘመን የነበረው የባሕርያት ሕክምና ዛሬም ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ሰውም እንዲሁ ነው። «ኹን ገርም»፣ ደመ ሞቃት፣ ተግባቢ ነው። «ኹን ሰርድ»፣ ደመ ቀዝቃዛ፣ የማይደናገጥ ነው። ይህን ብትባዪ እንዳትቀየሚ፣ ጨካኝ አላሉሽም። «ዴለም ኾነክ ሾድ»፣ ልቤ ቀዘቀዘ፣ ደግሞ የጠሉት ሰው ዋጋውን ሲያገኝ የሚባል ነው፤ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ»።

ከነገ ጀምረሽ ልትጠቀሚባቸው የምትችይውን ልስጥሽ። ጥሩ ሻይ ጠጥተሽ ወይም ደክሞሽ አረፍ ብለሽ ስትነሺ «ኸይሊ ቸስቢድ» በይ። «በጣም ተጣበቀ» ነው ቃሉ፤ «አንጀቴን አራሰው» ለማለት። እኩያሽ ውለታ ስትውልልሽ «ደሜት ገርም» በያት፣ ትንፋሽሽ ይሙቅ። የሰፈር ቋንቋ ነው፣ ለጓደኛ ነው። በዕድሜ ለምትበልጥሽ ደንበኛ ግን ይህን አትበዪ። ለእሷ «ደስቴቱን ደርድ ነኮኔ» ነው፣ እጅዎን አይመምዎ። እሷም «ሰሬት ደርድ ነኮኔ» ትልሻለች፤ ራስሽን አይመምሽ።